ከጎሚስታው ደጃፍ እስከ መነሻው መስመር

*የአዋሽ ሸለቆ ሞተረኞች ፍጥነትን ያውቁታል። የሚወዳደሩበት ሜዳና የሚዳኛቸው ክለብ ግን ገና የላቸውም።*

በአፋር ክልል፣ መልካ ወረር ላይ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር የሚነሳው ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ነው። በእሾህ የተበሳ ከመነዳሪ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየተነከረ አረፋ የሚወጣበት ቀዳዳ ይፈለጋል። እሾሁ የፕሮሶፒስ ነው። አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት ይህ ዛፍ ከአርባ ዓመት በፊት አፈር ይይዛል፣ ነፋስ ይከላከላል ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። ዛሬ ግጦሹን ወርሶ፣ የመንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆሟል። በዚህ አገር ሞተር ያለው ሰው ከነዳጅ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ጎማው ነው።

ሞተሮቹ አብዛኞቹ የሕንድ ሥሪት ናቸው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሚደርሱ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዙ፣ መለዋወጫቸው የማይጠፋ። አንዱ ክትባት የያዘ የጤና ባለሙያ ተሸክሞ ወደ ገጠር ቀበሌ ይወጣል፣ ሌላው የመስኖ ቦዩን ዳር ይዞ የማሳ ተቆጣጣሪ ያመላልሳል፣ ሦስተኛው ለገበያ የደረሰች ፍየል ከኋላው አስሮ ይመጣል። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ጭቃና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ሁሉም በአንድ ጉዞ ውስጥ ስለሚያጋጥም እዚህ ያደገ ሞተረኛ የኋላ ጎማው ሲንሸራተት አይደነግጥም። መሪውን ለቀቅ፣ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ ያልፈዋል።

ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው የዓለም የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ሻምፒዮና የሆነውን የሞቶ ጂፒን ቅንጭብ ያያሉ። ዝነኛው ነጂ ማርክ ማርኬዝ ክርኑ አስፋልት እስኪነካ ድረስ ተጋድሞ ኩርባውን ይዞራል። «እኛስ ምን አነሰን? ገንዘብ ነው እንጂ» ይላል አንደኛው። ከመነዳሪውን የሚያጣብቀው በዕድሜ ጠና ያለ መካኒክ ቀና ሳይል ይመልስለታል፦ «እነሱ እኮ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚነዱት።»

> «እነሱ እኮ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚነዱት።»

መካኒኩ የሚናገረው ስለ አስፋልቱ ነው። ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ሠመራ የሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ጋላፊ የሚያቀናው መንገድ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመላለስበት የጅቡቲ መስመር ነው። ተሳቢ የጎተቱ መኪኖች ሌት ተቀን ይፈሱበታል፣ ግመሎች ጊዜያቸውን ወስደው ያቋርጡታል። ረጅም ቀጥታ መንገድ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሚነሳ ነፋስ፣ ጎን ለጎን የደረሱ ሁለት ሞተሮች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ግብግብ መነሻ እንጂ መድረሻ የለውም። ዳኛ የለውም፣ የሚቆጠር ዙር የለውም፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና የሚያቆም ሰውም የለውም።

ከቴሌቪዥኑ በታች ያለው ዓለም

ሞቶ ጂፒን ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል። ከሥሩ ያለው ሰፊ ዓለም ግን ብዙም አይወራለትም። በዓለም ዙሪያ በየሳምንቱ መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ እንዲያውም ከኪሳቸው እየከፈሉ ይወዳደራሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቧንቧ ይጠግናሉ፣ ሆስፒታል ያድራሉ፣ ያስተምራሉ። ዓርብ ማታ ሞተራቸውን በቫን ጭነው ይነሳሉ። የሚያደራጃቸው ክለብ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ከእነዚህ ክለቦች ቀደምት የሆነው የብሪታንያ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ክለብ በ1909 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ሥሩ የሚመዘዘው በ1904 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከተደረገ ስብሰባ ነው። ስፖርቱ ከሞተሩ መፈጠር ብዙም ሳይዘገይ ደንብ አወጣ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ደንቡን ያወጡት መንግሥታት ሳይሆኑ ራሳቸው ክለቦቹ መሆናቸው ነው። 

የወቅቱ የመጨረሻ ቅዳሜ

የእንግሊዝ የክለብ ውድድር ወቅት ከጸደይ መግቢያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የመጨረሻው የውድድር ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ነጥቦች ይደመራሉ፣ ዋንጫው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ዋንጫ በሕልሙም የማያስብ ዘጠነኛ ነጂም አሥረኛውን ላለማስቀደም ነፍሱን ይሰጣል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በዚያ ቀን የተሠራ ስህተት እስከ መጋቢት ድረስ ይታሰባል።

ቀኑ የሚጀምረው በእሽቅድምድም አይደለም፣ በፍተሻ ነው። ነጂው ሞተሩን እየገፋ ወደ ቴክኒክ መርማሪው ይወስዳል። መርማሪው ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ መካኒክ ወይም የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው፤ ፊቱ አይፈታም። የነዳጅ መስጫውን ጠምዝዞ ይለቀዋል፤ በራሱ ተፈትልኮ ካልተመለሰ ሞተሩ አያልፍም። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን በቀጭን ሽቦ ተወጥሮ መታሰሩን ይነካካል። አንድ ብሎን ተፈትቶ የፈሰሰ ዘይት ከኋላ የሚመጡትን ሁሉ ሊያነጥፍ ይችላልና። በራዲያተር ውስጥ ከንጹህ ውሃ ሌላ ፀረ በረዶ ፈሳሽ መጨመር ክልክል ነው፣ ምክንያቱም አስፋልት ላይ ሲፈስ ያንሸራትታል። መስታወቱ፣ መቆሚያው፣ ሊሰበር የሚችለው ሁሉ ይወልቃል። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ጫፍ እንዳይወጋ ድቡልቡል መሆን አለበት።

ከዚያ ወደ ሰውየው ይዞራል። ሄልሜቱ ተገልብጦ ይታያል፣ ማኅተሙ ይነበባል። የቆዳ ልብሱ ስፌት ይሳባል። ጓንቱ፣ ቦቲው፣ የጀርባ መከላከያው አንድ በአንድ ይታያል። የፍተሻው ምልክት ያልተለጠፈበት ሞተር ሜዳውን አይረግጥም። ለዚህ ሰልፍ የቆመ ሰው ቢያጉረመርም የሚሰማው የለም።

ቀጥሎ የነጂዎች ገለጻ ነው። ባንዲራዎቹ ይደገማሉ፦ ቢጫ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ አለና ፍጥነት ቀንስ፣ አትቅደም። ቀይ ውድድሩ ቆሟል። ሰማያዊ ከኋላህ ፈጣን ሰው እየመጣ ነው። መካከሉ ላይ ብርቱካናማ ክብ ያለበት ጥቁር ባንዲራ ከነቁጥርህ ከታየ ሞተርህ ብልሽት አለውና ውጣ። ጥቁርና ነጭ ካሬው ማብቂያው ነው። ጀማሪዎች ከቆዳ ልብሳቸው በላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ከኋላ የሚመጣው ነጂ «ይህ ሰው አዲስ ነው» ብሎ ቦታ እንዲሰጠው። ሰደርያውን ለማውለቅ አሥር ውድድር በሥርዓት መጨረሱ በፊርማ መረጋገጥ አለበት። ፈጣን መሆን ብቻ አያስወልቀውም።

ውድድሩ ራሱ አጭር ነው። ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ በሚገኘው ብራንድስ ሃች አጭሩ ዙር ከሁለት ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ጥሩ ነጂ ከአንድ ደቂቃ በታች ይዞረዋል። የክለብ ውድድር ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ግን እነዚያ ደቂቃዎች ምን እንደሚመስሉ የቀመሰ ያውቃቸዋል። የማሟሟቂያ ዙር ተዙሮ ሁሉም በየመስመሩ ይቆማል። ፍሪሲዮኑ ግማሽ ድረስ ተለቅቋል፣ ዓይን ከቀዩ መብራት አይነቀልም። መብራቱ ሲጠፋ ሠላሳ ሞተር በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጠባብ ኩርባ ይጎርፋል። ልምድ ያላቸው እንደሚሉት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ውድድር ማሸነፍ አይቻልም፤ መሸነፍ ግን ይቻላል።

በየኩርባው ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ ማርሻሎች ቆመዋል። አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዝናብም ሆነ ብርድ፣ የወደቀን ሰው ለማንሳትና ከትራኩ ላይ ሞተር ለመጎተት ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። አምቡላንሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እሱ ሰው ጭኖ ወደ ሆስፒታል ከሄደና ምትክ ከሌለ ውድድሩ ይቆማል፤ ተመልካቹ ቢበሳጭም፣ ሻምፒዮናው አንድ ዙር ቢቀረውም ይቆማል።

> አምቡላንሱ ከሄደና ምትክ ከሌለ ውድድሩ ይቆማል።

ማታ ዋንጫ ይሰጣል። ዋንጫው ትንሽ ነው፣ ገንዘብ የለውም። የተሸነፈው አሸናፊውን ይጠይቃል፦ «በሁለተኛው ኩርባ በየት በኩል አለፍከኝ?» አሸናፊውም ይነግረዋል። የክለብ ውድድር ከልዕለ ኮከቦቹ ዓለም የሚለይበት አንዱ ይህ ነው፤ ጠዋት ብሎን የጎደለው ሰው ብሎኑን የሚያገኘው ከተቀናቃኙ ሳጥን ነው።

ከማሳ የተነሱ ሜዳዎች

ይህ ሁሉ ሲነገር አስፋልት፣ መቀመጫ ሰገነትና ብዙ ሚሊዮን የሚጠይቅ ይመስላል። አጀማመሩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ብራንድስ ሃች የእርሻ መሬት ነበር። መጀመሪያ ብስክሌተኞች ተሽቀዳደሙበት። በ1932 እ.ኤ.አ. አራት የአካባቢው የሞተር ክለቦች ተሰባስበው በሣሩ ላይ ውድድር አዘጋጁ። አስፋልት የለበሰው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ዛሬ ስፒድዌይ የሚባለው፣ ፍሬን በሌላቸው ሞተሮች በአፈር ላይ የሚደረገው እሽቅድምድም ስሙን ካስጠሩት ቀደምት መድረኮች አንዱ በ1923 እ.ኤ.አ. በዌስት ሜትላንድ ከተማ የተካሄደው ነው። ቦታው የእርሻ ትርኢት ሜዳ ነበር። ገበሬዎች ከብትና እህል የሚያሳዩበት ሜዳ ማታ ሞተር ዞረበት።

የማን ደሴት ታሪክ ሌላ መልክ አለው። በብሪታንያ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሕጉ የሕዝብን መንገድ ለእሽቅድምድም መዝጋት አይፈቅድም ነበር። የራሷ ምክር ቤት ያላት ትንሿ ደሴት ግን መንገድ ለመዝጋት የሚያስችል ሕግ አወጣች። በ1907 እ.ኤ.አ. የቱሪስት ትሮፊ የሞተር ሳይክል ውድድር ተጀመረ። በ1923 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአማተሮች ብቻ የሚሆን፣ ኋላ ማንክስ ግራንድ ፕሪ የተባለው ውድድር ተከተለ። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዙር በመንደሮችና በተራራ ውስጥ ያልፋል። መንገዱ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ የቤቱን በር ከፍቶ የሚሻገር ሰው በሕግ ይጠየቃል።

ስለዚህ ደሴት የሚያወሩ ሰዎች ዝናውን ብቻ ቢያነሱ ውሸት ይሆናል። በዚያ የተራራ ጎዳና ላይ ከመቶ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ከ260 በላይ ነጂዎች ሞተዋል። መንገዱ በሕግ ተዘግቶ፣ ሐኪም ከነሄሊኮፕተሩ ቆሞ እንኳ ግንብና ዛፍ ምሕረት የላቸውም። የክለብ ውድድር ከሕዝብ መንገድ ይልቅ መውደቂያ ሰፊ ቦታ ያለውን ሜዳ የሚመርጠውም ለዚህ ነው።

በአህጉራችንና በቤታችን

አፍሪካ በዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። በወጣትነቱ ከእንግሊዝ ወደ ዛሬዋ ዚምባብዌ የመጣው ጂም ሬድማን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሆንዳ ስድስት የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ባይንደር በ2016 እ.ኤ.አ. ከሞቶ ጂፒ በታች ባለው በሞቶ 3 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ላይ በሞቶ ጂፒ አንደኛ ወጣ። ቅርባችን ናይሮቢ ጃምሁሪ ፓርክ ላይ፣ ዩጋንዳ ውስጥ ደግሞ በቡሲካና በጋሩጋ የሞቶክሮስ ሜዳዎች አሉ። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች በ50 ሲሲ ሞተር አፈር እያስነሱ ጉብታ ይዘላሉ፤ ወላጆች አጥር ተደግፈው ይጮኻሉ። ሜዳዎቹ አፈር ናቸው። የተቆለለ ጉብታ፣ የታጠረ መስመርና የሚያውለበልብ ሰው፤ በቃ።

በኛም አካባቢ ሞተር ስፖርት አዲስ ነገር አይደለም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጣሊያኖች በአስመራ ጎዳናዎች ላይ የመኪና እሽቅድምድም አካሂደዋል። ከአብዮቱ በፊት «የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ» የተባለ የመኪና ውድድር የአገሪቱን ተራሮች ያዳርስ ነበር። ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ እያለ የሚያወራው የጋራዥ ቋንቋችንም የጣሊያኖቹ ዘመን ቅሪት ነው። ጋራዡ ቀረ፤ ውድድሩ ግን ሳሳ።

የከተማው ሕዝብ ስለ ሞተር ያለው ስሜትም ተለዋውጧል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ለተወሰኑ ሥራዎች ከተፈቀደላቸው በስተቀር የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን አገደች፤ ምክንያቱ ሞተር ለዝርፊያ ይውላል የሚል ነበር። ገደቡ ኋላ ቢላላም ሞተረኛ ማለት ሥርዓት የማያውቅ ማለት ነው የሚለው አመለካከት በብዙ ሰው ልብ ቀርቷል። ለስፖርቱ ደጋፊ ፍለጋ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህንን ነው።

ይህን ስም የሚሽር አንድ ታሪክ ደግሞ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ይነሳል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካዊው የግራንድ ፕሪ ነጂ ራንዲ ማሞላ ከጋዜጠኛው ባሪ ኮልማን ጋር ለሕፃናት ክትባት የተሰበሰበ ዕርዳታ ምን ላይ እንደዋለ ለማየት ወደዚያ ሄደ። ያዩት የተበላሹ፣ የቆሙ ሞተሮች ነበሩ። ብዙዎቹ የቆሙት በትንሽ ነገር ነው፦ ያልተቀየረ ዘይት፣ ያልጠበቀ ሰንሰለት፣ ያልጸዳ የአየር ማጣሪያ። ሁለቱ ከኮልማን ባለቤት ከአንድሪያ ጋር ሆነው «ራይደርስ ፎር ኸልዝ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የጤና ሠራተኞችን አነዳድና የዕለት ፍተሻ አስተማሩ። የእሽቅድምድሙ ሰዎች በረሃ ላይ ያወረዱት ፍጥነታቸውን አልነበረም፤ ከመነሳት በፊት ሞተርን መፈተሽን እንጂ።

ጨው የወረሰው ማሳ

መልካ ወረር ምን አላት? ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ፣ በጥጥ ምርምሩ የሚታወቀው የወረር የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የአሚባራ መስኖ። ከመስኖው ጋር የመጣ ጉዳትም አላት። የውሃ ማፋሰሻው በአግባቡ ባልሠራባቸው ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ ጨው ወደ ላይ አውጥቷል። ጥጥ ያበቅሉ የነበሩ ሰፋፊ ማሳዎች ነጭ ለብሰው ጾም ያድራሉ።

አንዳንድ ወጣቶች ውድድር ሲታሰብ ዓይናቸው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ለጥ ያለ፣ ዛፍና ግንብ የሌለው፣ የወደቀ ሰው ተንሸራትቶ የሚቆምበት። ሐሳቡ ደህና ነው፤ ግን መሬቱ ባለቤት የለውም ብሎ የሚነሳ ይሳሳታል። በአፋር ልማድ መሬት የጎሳ ነው። የጾመ ማሳ ለግመልና ለፍየል መተላለፊያ ነው፤ ተመራማሪዎችም ጨዋማውን አፈር መልሶ ለማዳን ይሠሩበታል። አንድ በዕድሜ የገፉ አርብቶ አደር «ከመጡ በኋላ ከሚነግሩን ሳይመጡ ይጠይቁን» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ከተስማሙ ወሬውን ለማዳረስ ማስታወቂያ አያስፈልግም፤ ዳጉ የሚባለው የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ልማድ ከየትኛውም ሬዲዮ ቀድሞ ያደርሰዋል።

> «ከመጡ በኋላ ከሚነግሩን ሳይመጡ ይጠይቁን።»

ሌላው ሙቀቱ ነው። ወፍራም ልብስና ሙሉ ሄልሜት ለብሶ ሐጋይ በሚባለው የሙቀት ወራት፣ በቀትር መወዳደር ራስን መግደል ነው። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተርም ዘይቱ ቀጥኖ ጉልበቱን ያጣል። ለዚህ መልሱ የአፋር የዘመን አቆጣጠር ውስጥ አለ፦ ጊላል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ቀዝቀዝ ያለ ወራት። ሰዓቱም ማለዳ ወይም ማምሻ ይሁን። ሀብታሟ ኳታር እንኳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞቶ ጂፒ ውድድሯን በመብራት፣ በሌሊት ያደረገችው ከሙቀቱ ሸሽታ ነው። ከውድድሩ በፊት አቧራው በውሃ ቦቴ መረጨት፣ የፕሮሶፒሱ እሾህ መለቀም አለበት። ይህን አንድ ሰፈር በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል።

ሞተሮቹስ? ያሉት ይበቃሉ። ሁሉም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ 125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ሲይዝ ገንዘብ አያሸንፍም፤ የሚለየው እጅ ነው። በዓለም ብዙ ክለቦች ጀማሪዎችን የሚያወዳድሩት በዚህ መንገድ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ሜዳውም ሞተሩም አይደለም። አንድ የጤና ባለሙያ እንደሚሉት በዚህ ሸለቆ ውስጥ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከአደጋው ይልቅ ርቀቱ ይጎዳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የታሰረ ሄልሜት የሞትን ዕድል ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል ይላል። በመልካ ወረር ጎዳና ግን ሄልሜት የተንጠለጠለው ብዙ ጊዜ መሪው ላይ ነው፣ እሱም ካለ። ሄልሜት ለማይለብስ ሞተረኛ የውድድር ሜዳ መስጠት ከአስፋልቱ ያልተናነሰ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ። አምቡላንስና ቁስል ማሰር የሚያውቅ ሰው ይቅደም። ከዚያ ሄልሜት። ከዚያ በየጋራዡ የተከበረ፣ ወዳጅ ዘመድ ሳይል «አያልፍም» ለማለት የሚደፍር አንድ መርማሪ። ከዚያ ባንዲራ የሚይዙና ባንዲራ የሚያከብሩ ወጣቶች። ሰዓት የሚይዝና ዙር የሚቆጥር ሰው። ዋንጫው የመጨረሻው ነው፤ ከአዋሽ ሰባት ገበያም ይገዛል።

በአፋር ክልል የስፖርት አመራር ላይ ያላችሁ፣ የትራፊክ ፖሊሶች፣ የጋራዥ ባለቤቶች፣ በአዲስ አበባ ሞተር ስፖርቱን የምትመሩ፤ ወጣቶቹ በጅቡቲው መስመር ላይ እየተሽቀዳደሙ ነው፣ ዛሬ ማታም ይሽቀዳደማሉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የምትቀመጡበትን የመጀመሪያ ስብሰባ ለመጥራት ጊላል እስኪገባ አትጠብቁ።